ወደ ቤታቸው ያልተመለሱት ሐኪም፤ የዶክተር ኤልሲ ኢንግሊስ ሕይወትና ሥራ

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1914 በፈነዳ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤዲንብራ የሚኖሩ አንዲት ሴት ሐኪም ለብሪታንያ ሠራዊት የሕክምና ክፍል አንድ ሐሳብ አቀረቡ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሐሳቡ ግልጽ ነበር። ሐኪሞቹም፣ ነርሶቹም፣ የአምቡላንስ ነጂዎቹም፣ ወጥ ቤቶቹም፣ ጸሐፊዎቹም ሁሉ ሴቶች የሆኑበት የተሟላ ሆስፒታል ተደራጅቶ ወደ ጦር ግንባር ይላክ የሚል ነው። ገንዘቡን ሴቶቹ ራሳቸው ከሕዝብ ሊሰበስቡት አስበዋል። ከመንግሥት የተፈለገው ፈቃድ ብቻ ነበር። ጉዳዩን የሰማው የሠራዊቱ ሹም እንደ ደንቡ አክብሮ ካነጋገራቸው በኋላ፣ ወደ ቤታቸው ተመልሰው አርፈው እንዲቀመጡ መከራቸው።

ይህ ምክር የተሰጣቸው ዶክተር ኤልሲ ኢንግሊስ በዚያው ወር ሃምሳ ዓመት ሞልቷቸው ነበር። የሕክምና ፈቃድ ከያዙ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በቀዶ ሕክምና ሠልጥነዋል፤ የሴቶችን በሽታ ሕክምና አስተምረዋል፤ በኤዲንብራ ድኾች ሰፈር የሴቶችና የማዋለጃ ሆስፒታል አቋቁመው ለዓመታት መርተዋል። ይህ ሁሉ በይፋ የሚታወቅ እንጂ የተሠወረ አልነበረም። የመልሱ አስገራሚነት በክፋቱ ላይ አይደለም። ስድብ የለበትም፤ ቁጣም የለበትም፤ እንዲያውም ርኅራኄ መሰል ነገር ይታይበታል። በዚያ ዘመን ሴትን ከሥራ ገበታ የሚያርቃት ብዙውን ጊዜ ግልጽ ጠላትነት ሳይሆን እንዲህ ያለው ቸርነት ነበር። ስለዚህም ለመታገል እጅግ አስቸጋሪ ነበር፤ የሚሳደበውን ሰው መመለስ ይቻላል፤ ለጤንነትሽ አስቤ ነው የሚለውን ግን ምን ብሎ መመለስ ይቻላል?

ኤልሲ ኢንግሊስ በነሐሴ ወር 1864 በሰሜን ሕንድ፣ ናይኒ ታል በምትባል የተራራ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ጆን ፎርብስ ዴቪድ ኢንግሊስ በሕንድ የእንግሊዝ አስተዳደር ከፍተኛ ሹም ነበሩ። በዘመኑ ከነበሩት አባቶች የሚለዩበት አንድ ነገር ቢኖር ሴቶች ልጆቻቸው እንደ ወንዶቹ እንዲማሩ መፈለጋቸው ነው። ቤተ ሰቡ ከሕንድ ወጥቶ በአውስትራሊያ ደሴት በታስማንያ ጥቂት ከቆየ በኋላ በኤዲንብራ ተቀመጠ። ኤልሲም በዚያ ተምረው አንድ ዓመት ያህል በፓሪስ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በ1885 እናታቸው ሞቱ። በዚያ ጊዜ ያላገባች ሴት ልጅ ዕጣዋ የታወቀ ነበር፤ የአባቷን ቤት መያዝ፣ እንግዳ መቀበል፣ ማርጀት። ኤልሲ ሐኪም ለመሆን እንደሚፈልጉ ለአባታቸው ሲገልጹ ግን ሽማግሌው አልከለከሏቸውም። ለዚህ ልጅና አባት መግባባት በዚህ ሕይወት ውስጥ የሚገባውን ስፍራ መስጠት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ሌላው ሁሉ ባልተጀመረም ነበር።

በኤዲንብራ የሴቶች የሕክምና ትምህርት ነገር በዚያን ጊዜ ገና ያልሻረ ቁስል ነበር። በ1869 ሶፊያ ጄክስ ብሌክ የምትመራቸው ጥቂት ሴቶች ወደ ዩኒቨርሲቲው ገብተው መማር ጀምረው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ለፈተና ሲሄዱ የወንድ ተማሪዎች ጭፍራ በር ዘግቶ ጭቃ ወረወረባቸው፤ ዩኒቨርሲቲውም በመጨረሻ ዲግሪ አልሰጥም አላቸው። ጄክስ ብሌክ ተስፋ ሳትቆርጥ ሌላ አገር ሄዳ ዲግሪዋን ይዛ ተመለሰች፤ በ1886ም በዚያችው ከተማ የሴቶች የሕክምና ትምህርት ቤት ከፈተች። ኤልሲ ኢንግሊስ በሚቀጥለው ዓመት ከዚህ ትምህርት ቤት ገቡ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቀና መንገድ ትቶ ይታጠፋል። ለሴቶች በር የከፈተችው ጄክስ ብሌክ በበሩ ላይ የቆመች ጥብቅ ዘበኛ ሆነች። የተማሪዎቿ ጥቃቅን ጥፋት ጠላቶቿ የሚጠብቁትን ሰበብ እንዳይሰጥ ፈርታ ይሆናል፤ ፍርሃቷም መሠረት አልነበረውም አይባልም። በ1888 ሁለት እኅትማማቾች በሆስፒታል ውስጥ ከተወሰነላቸው ሰዓት በላይ ከበሽተኛ ጋር ቆይተው ተገኙና ከትምህርት ቤቱ ተባረሩ። ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ። ኢንግሊስ ከተባረሩት ጎን ቆሙ። መቆም ብቻም አይደለም፤ በአባታቸውና በአባታቸው ወዳጆች ድጋፍ በ1889 ተፎካካሪ የሴቶች የሕክምና ኮሌጅ በዚያው ከተማ እንዲቋቋም አደረጉ። ገና ተማሪ ሳሉ ነው ይህን ያደረጉት። አንድ ተቋም አልቀበልም ሲል ሌላ ተቋም መሥራት ለኢንግሊስ የዕድሜ ልክ ልማድ እንደሚሆን ከዚህ ጀምሮ ይታያል። ለጄክስ ብሌክ ግን ነገሩ መራራ ነበር፤ ሁለት ትምህርት ቤቶች በአንድ ትንሽ ከተማ ሊኖሩ አልቻሉም፤ የቀደመው በመጨረሻ ተዘጋ።

ተግባራዊ ትምህርታቸውን በግላስጎው ንጉሣዊ ሆስፒታል፣ በታላቁ የቀዶ ሕክምና ሊቅ በሰር ዊልያም ማክዩን ሥር ተከታተሉ። በ1892 የኤዲንብራ የሐኪሞች ኮሌጅ፣ የኤዲንብራ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅና የግላስጎው ማኅበር በአንድነት የሚሰጡትን ፈቃድ አገኙ። ከዚያ በለንደን ኤሊዛቤት ጋሬት አንደርሰን በመሠረተችው የሴቶች ሆስፒታል፣ ቀጥሎም በደብሊን ሮተንዳ በሚባለው ስመ ጥር የማዋለጃ ሆስፒታል ሠሩ። በለንደን ሳሉ ልባቸውን ያቆሰለው ነገር በመጻሕፍት የማይገኝ ነበር፤ በሽተኛዋ ኦፕራሲዮን ብትደረግ እንደምትድን እየታወቀ ባሏ አልፈቅድም በማለቱ ሳትታከም ትመለሳለች። ሕጉም ልማዱም ከባል ወገን ነበር። ዶክተር ኢንግሊስን ወደ ፖለቲካ የመራቸው ክርክር ሳይሆን ይህ የበሽተኛ አልጋ መሆኑን የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ይስማሙበታል።

በ1894 ወደ ኤዲንብራ ተመልሰው ከሌላ ሴት ሐኪም ጋር ክሊኒክ ከፈቱ። አባታቸው የሞቱት በዚያው ዓመት ነው። በ1904 በአሮጌው ከተማ ዋና ጎዳና ላይ፣ ድኻ በበዛበት ሰፈር፣ ሆስፒስ የተባለውን ትንሽ የሴቶችና የማዋለጃ ቤት አቋቋሙ። ድኾችን በነጻ ያክሙ ነበር። ቀን ሲያክሙ ውለው ማታ በባቡር ወደ ሌላ ከተማ ሄደው ስለ ሴቶች የምርጫ መብት ይናገሩና ሌሊቱን ይመለሳሉ። የስኮትላንድ የምርጫ መብት ማኅበራት ፌዴሬሽን ሲመሠረት የክብር ጸሐፊ ሆነው እስከ ጦርነቱ ድረስ አገለገሉ። መስኮት ከሚሰብሩትና እሳት ከሚለኩሱት ወገን ሳይሆኑ በሕግና በማስረዳት ከሚያምኑት ወገን ነበሩ። ይህ ዝርዝር የቢሮ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ጦርነቱ በመጣ ጊዜ በእጃቸው የነበረው ይኸው ነው፤ በየከተማው ቅርንጫፍ ያለው፣ ስብሰባ መጥራትና ገንዘብ መሰብሰብ የሚያውቅ፣ መዝገብ የሚይዝ የሴቶች ድርጅት።

ስለዚህ የሠራዊቱ ሹም ወደ ቤትዎ ይመለሱ ባላቸው ጊዜ የተመለሱት ወደ ፌዴሬሽኑ ነው። የቀይ መስቀልም መልስ የተለየ አልሆነም። የጦር ሚኒስቴሩ ሴቶች ብቻ ከሚሠሩበት ሆስፒታል ጋር ምንም ጉዳይ እንደማይኖረው ተነገራቸው። ከዚያ በኋላ ዶክተር ኢንግሊስ ለብሪታንያ ተባባሪ መንግሥታት ጻፉ፤ ፈረንሳይና ሰርቢያ ተቀበሏቸው። ከራሳቸው ኪስ መቶ ፓውንድ አስቀድመው ሰጡ። በመጀመሪያው ወር አንድ ሺህ ፓውንድ ተሰበሰበ፤ በጦርነቱ ፍጻሜ ድምሩ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ደርሷል። በድርጅቱ ስም ላይ የምርጫ መብት የሚለው ቃል እንዳይገባ የመከሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ለቁስለኛ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ስለ ምርጫ ያለው አሳብ ሊለያይ ስለሚችል፣ በስም ምክንያት አንድ አልጋ እንዳይቀር አስበው ነው። እንዲህም የስኮትላንድ ሴቶች ሆስፒታሎች ለውጭ አገር አገልግሎት የሚባለው ድርጅት ተወለደ። ሠራተኞቹ ግራጫ የደንብ ልብስ ለበሱ፤ ከልብሱም ላይ የስኮትላንድ ባለመስመር ጨርቅ ተሰፋበት።

የመጀመሪያው ትልቅ ሆስፒታል ከፓሪስ በስተሰሜን በሮያሞን፣ በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት በተሠራ ገዳም ውስጥ ተከፈተ። ሕንፃው ውብ ነው፤ ለሆስፒታልነት ግን የተመቸ አልነበረም። የኤሌክትሪክ መብራት የለም፤ ውኃ በባልዲ ደረጃ ለደረጃ ይጋዛል። የፈረንሳይ ሠራዊት የሕክምና መርማሪዎች መጀመሪያ መጥተው ሲያዩት ፈቃድ ነፈጉ። ሴቶቹ ማማረር ትተው ጉድለቱን አንድ በአንድ አርመው እንደገና አስመረመሩ፤ በጥር ወር 1915 ቁስለኛ መቀበል ጀመሩ። በመቶ አልጋ የተጀመረው ሆስፒታል በ1918 በከባዱ የውጊያ ጊዜ ስድስት መቶ አልጋ ደርሷል፤ እስከ 1919 ከአሥር ሺህ በላይ በሽተኞች ታክመውበታል። ዋና ሐኪሟ ዶክተር ፍራንሲስ አይቨንስ ነበረች። በዚያ ጦርነት ከጥይቱ ይልቅ የሚገድለው የፈረንሳይ የእርሻ አፈር ወደ ቁስል ገብቶ የሚያመጣው ጋዝ የሚፈጥር የሥጋ መበስበስ ነበር። በሮያሞን ራጁ፣ ላቦራቶሪውና የኦፕራሲዮን ክፍሉ ተቀናጅተው ይህን በሽታ በጊዜ ለመለየትና የሞተውን ሥጋ ቶሎ ለማንሣት ያደረጉት ጥረት በሙያ ጽሑፍ የተመዘገበ ነው። በሌላው የድርጅቱ ሆስፒታል በትሯ፣ ቀጥሎም በሰሎንቄ፣ የራጁን ሥራ የመራችው የፊዚክስ ሊቋ ኤዲት ስቶኒ ናት። ሕፃናትንና እናቶችን ብቻ እንዲያክሙ የተፈቀደላቸው ሴት ሐኪሞች ከዚያ በፊት የወንድ ቁስል ለመክፈት ዕድል አልነበራቸውም። ብዙዎቹ የጦር ቀዶ ሕክምናን የተማሩት እየሠሩ ነው። ይህንንም መደበቅ አያስፈልግም፤ ወንዶቹም ያን ዓይነት ቁስል ከ1914 በፊት አላዩምና።

የዶክተር ኢንግሊስ የራሳቸው ስም የተሳሰረው ግን ከሰርቢያ ጋር ነው። ሰርቢያ በ1914 የኦስትሪያን ጦር ሁለት ጊዜ መልሳለች፤ ድል የተመታው ሠራዊት ግን በስተኋላው ታይፈስን ትቶላት ሄደ። በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች የሠራ ሐኪም ሁሉ በቅማል የሚተላለፈውን ተስቦ ያውቀዋል፤ ብርድ፣ ርኃብ፣ መጨናነቅና አንድ ልብስ ለብሶ መክረም ካሉ በሽታው አይቀርም። በቅማል መተላለፉን ቻርልስ ኒኮል በቱኒስ በ1909 አረጋግጦ ነበር። እውቀቱ ስድስት ዓመት ቢሆነውም መድኃኒት ግን አልነበረውም። በዚያ ክረምት በሰርቢያ ከመቶ ሺህ እጅግ የበለጠ ሰው አለቀ፤ በአገሪቱ ከነበሩት አራት መቶ ያህል ሐኪሞችም ከመቶ በላይ የሆኑት ሞቱ። በጥር ወር 1915 ወደ ክራጉየቫትስ የገባው የስኮትላንድ ሴቶች ቡድን ለመቶ ቁስለኛ የተዘጋጀ ነበር። ወዲያው ሦስት ሆስፒታል ተረከበ። ነርሷ ሉዊዛ ጆርዳን በመጋቢት ወር ሞተች፤ ሌሎችም ተከተሏት። የቡድኑ መሪ ዶክተር ኤሌኖር ሶልታው ራሷ ታመመች። በግንቦት ወር ዶክተር ኢንግሊስ እሷን ለመተካት ሰርቢያ ገቡ።

የሥራቸው ዘዴ ቀላልና አድካሚ ነበር። በሽተኛው ከመግባቱ በፊት ይላጫል፣ ይታጠባል፣ ልብሱ ይቀቀላል ወይም ይቃጠላል፤ ነርሶቹ እግሩ በቦት ጫማ ውስጥ የሚገባ ድፍን ቱታ ይለብሳሉ። ቦይ ይጠረጋል፣ መጸዳጃ ይቆፈራል፣ ውኃ ይፈላል። ይህን ሥራ በታሪክ መጽሐፍ ላይ ማሳመር አስቸጋሪ ነው። ሴት ለጦር ሜዳ አትመችም የሚለው ክርክር ሁልጊዜ የሚነሣው በመድፍ ድምፅ ነው፤ በሰርቢያ የመጀመሪያው ጠላት ግን ቅማል ነበር፤ ቅማልን ለመዋጋት የሚያስፈልገው ደግሞ ሳሙና፣ ማገዶና ትእግሥት ነው። ወረርሽኙ በበጋው ጋብ አለ። በመስከረም ወር በምላዴኖቫትስ ሰርቦች ለእነዚህ ሴቶች መታሰቢያ የውኃ ምንጭ ሠርተው መረቁ።

ወሩ ሳይሞላ ጀርመን፣ ኦስትሪያና ቡልጋሪያ በአንድነት ዘመቱባቸው። የሰርቢያ ሠራዊትና ሕዝብ በበረዶ የአልባንያን ተራሮች አቋርጦ ወደ ባሕር ሸሸ። ከሴቶቹ ከፊሉ ከሸሹት ጋር ሄዱ። ዶክተር ኢንግሊስ ግን መንቀሳቀስ የማይችሉትን ቁስለኞች ትተው ለመሄድ እንቢ አሉ፤ በክሩሼቫትስ ከሆስፒታላቸው ጋር በኅዳር ወር ተማረኩ። ዕቃ ማስቀመጫ በነበረ ሕንፃ ውስጥ ሰው ላይ ሰው ተደራርቦ ይተኛ ነበር። በምርኮ ሆነውም ያንኑ ቦይ መጥረግና ልብስ መቀቀል ቀጠሉ። በየካቲት ወር 1916 በቪየናና በስዊዘርላንድ በኩል ወደ አገራቸው ተላኩ። በሚያዝያ ወር የሰርቢያው አልጋ ወራሽ አሌክሳንደር የነጭ ንስር ኒሻን ሸለሟቸው፤ ይህን ኒሻን ያገኘች ሴት ከእሳቸው በፊት አልነበረችም።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ የጦር ሚኒስቴሩ አሳብ ጥቂት ተለውጦ አገኙት። የለወጠው ክርክር አልነበረም፤ የሐኪም እጥረት ነው። ፍሎራ መሪና ሉዊዛ ጋሬት አንደርሰን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ከ1915 ጀምሮ በለንደን ኤንደል ጎዳና ሴቶች ብቻ የሚሠሩበት ወታደራዊ ሆስፒታል እንዲመሩ ራሱ ሠራዊቱ ለምኗቸው ነበር። እስከ 1919 ከሃያ አራት ሺህ በላይ በሽተኛ አከሙ። በ1916 ደግሞ ሰማንያ ያህል ሴት ሐኪሞች ለማልታና ለሌሎች ወታደራዊ ሆስፒታሎች ተቀጠሩ። ነገር ግን እንዴት ባለ ሁኔታ! ሥራው የመኮንን ሐኪም ሥራ ነው፤ የመኮንንነት ማዕረግ ግን የለም፤ የደንብ ልብስም አልተፈቀደም። ማዕረግ ባለበት ሥርዓት ውስጥ ያለ ማዕረግ መሥራት ምን እንደሆነ በወታደር ሆስፒታል ያገለገለ ሁሉ ይገባዋል። ተራው ወታደር ሐኪሟን ለመታዘዝ ምን ደንብ ያስገድደዋል? ትናንት የተመረቀ ወንድ ሐኪም በትከሻው ላይ ባለው ምልክት ብቻ ሃያ ዓመት የሠራችውን ሴት ይቀድማታል። ሴቶቹ አቤት አሉ፤ ጦርነቱ እስኪያልቅ መልሱ አልተለወጠም። የ1914ቱ ምክር በ1916 የአስተዳደር ደንብ ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል።

ዶክተር ኢንግሊስ ለራሳቸው ይህን በር አላንኳኩም። በነሐሴ ወር 1916 ከሰባ ከሚበልጡ ሴቶች ጋር ከሊቨርፑል በመርከብ ተነሥተው በአርካንጌል በኩል ወደ ሩሲያ ገቡ፤ ከዚያም በባቡር ወደ ኦዴሳ ወረዱ። የሚያገለግሉት በሩሲያ የተቋቋመውን የሰርብ በጎ ፈቃደኞች ክፍለ ጦር ነው። ከእነዚህ ወታደሮች የሚበዙት በኦስትሪያ ሠራዊት ውስጥ ተመልምለው በሩሲያ የተማረኩ ሰርቦች፣ ክሮአቶችና ስሎቬኖች ናቸው። ስለዚህም በጠላት እጅ ቢወድቁ እንደ ምርኮኛ ሳይሆን እንደ ከዳተኛ የሚሰቀሉ ነበሩ። በሩማንያ ዶብሩጃ በተባለው አውራጃ በተደረገው ውጊያ ክፍለ ጦሩ ክፉኛ ተጎዳ። የሴቶቹ ሆስፒታል በሜጂዲያ ተተክሎ ብዙም ሳይቆይ በጥቅምት ወር ከሚሸሸው ሕዝብ ጋር፣ በጭቃ በተሞላ መንገድ፣ ቁስለኛውን በጋሪና በመኪና ጭኖ ወደ ሰሜን አፈገፈገ። በብራይላ፣ በጋላትዝ፣ በመጨረሻም በሬኒ ተተከለ። በብራይላ በደረሱ ጊዜ በከተማው የቁስለኛው ብዛትና የሐኪሙ ቁጥር ፈጽሞ የሚመጣጠን አልነበረም፤ በቀንና በሌሊት ኦፕራሲዮን አደረጉ።

በዚህ ጊዜ ዶክተር ኢንግሊስ በነቀርሳ ታመው ነበር። በሽታቸውን ያውቁ ነበር፤ ለሥራ ባልደረቦቻቸው ግን ለረዥም ጊዜ አልገለጹም። ሐኪም ለበሽተኛው የሚከለክለውን ነገር ለራሱ ሲፈቅድ የመጀመሪያው አይደለም፤ ነገሩ የሚመሰገን መሆኑም ያጠራጥራል። አብረዋቸው የሠሩት ሴቶች ስለ እሳቸው የተዉት ትዝታም አንድ ዓይነት አይደለም። ፈቃደ ጽኑ ነበሩ፤ የተቃወማቸውን ሰው ቶሎ አይሰሙም፤ እሳቸው የሚችሉትን ድካም ሌላውም የሚችል ይመስላቸው ነበር። በወጣትነታቸው በጄክስ ብሌክ ላይ ያዩት ጥብቅነት በሸመገሉ ጊዜ በራሳቸው ላይ ሳይታይ አልቀረም። የተከፈተው በር ጠባብ ሲሆን አስቀድሞ የገባ ሰው እንዲህ ይሆናል። በአንጻሩ ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ ሲቆሙ ሌላ ሰው እንደሚሆኑ የሁሉም ምስክርነት አንድ ነው።

በመጋቢት ወር 1917 የሩሲያ አብዮት ተነሣ። በበጋው ግንባሩ ይፈርስ ጀመር፤ የሰርቡ ክፍለ ጦር በማይጠቅም ውጊያ ውስጥ ሊማገድ እንደሚችል ግልጽ ሆነ። ከለንደን ሴቶቹ ወደ አገራቸው ቢመለሱ ይሻላል የሚል አሳብ መጣ። ዶክተር ኢንግሊስ ሰርቦቹ አብረው ካልወጡ እንደማይወጡ አሳወቁ፤ ለመንግሥታቸውም ያለማቋረጥ አቤቱታ ላኩ። በ1914 ወደ ቤትዎ ይሂዱ ሲባሉ እንዳልሄዱ ሁሉ አሁንም ሳይሄዱ ቀሩ። በመጨረሻ ፈቃዱ ተገኘና በኅዳር ወር ከክፍለ ጦሩ ወታደሮች ጋር ከአርካንጌል በመርከብ ተነሡ። ባሕሩ ከባድ ነበር። አብዛኛውን ጉዞ ከአልጋ አልተነሡም። በኅዳር 25 ቀን መርከቡ ኒውካስል ወደብ ሲደርስ ግን የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ኒሻናቸውን አድርገው ቆሙ፤ የሰርብ መኮንኖች በተራ እየቀረቡ ሲሰናበቷቸው ሁሉንም ቆመው ተቀበሉ። በማግሥቱ፣ ኅዳር 26 ቀን 1917፣ በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው በዚያው ከተማ ዐረፉ። ቀብራቸው በኤዲንብራ ቅዱስ ጃይልስ ካቴድራል ጸሎት ከተደረገ በኋላ በዲን መካነ መቃብር ተፈጸመ።

ከሦስት ወር በኋላ፣ በየካቲት ወር 1918፣ ዕድሜያቸው ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነና የንብረት መስፈርቱን ያሟሉ የብሪታንያ ሴቶች የምርጫ መብት አገኙ።

በሕክምናው ሙያ ግን ነገሩ ወደ ኋላ ሄደ። በጦርነቱ ጊዜ ወንድ ተማሪ በመጥፋቱ ለሴቶች በራቸውን ከፍተው የነበሩ የለንደን የሕክምና ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ በ1920ዎቹ ዓመታት መልሰው ዘጉት። የቀረበው ምክንያት የተለመደው ነበር፤ ወንዶቹ ተማሪዎች አይወዱትም፣ ስለ ሰውነት ክፍሎች በአንድነት መማር አያመችም፣ ካገቡ በኋላ ትምህርቱ ይባክናል። በኤንደል ጎዳና በሺህ የሚቆጠር ኦፕራሲዮን ያደረጉ ሐኪሞች ወደ ሴቶችና ወደ ሕፃናት ክሊኒክ ተመለሱ፤ በትልቅ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ስፍራ የሰጣቸው አልነበረም። የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በቂ ቁጥር ያላቸውን ሴቶች እንዲቀበሉ አንድ መንግሥታዊ ኮሚቴ ያሳሰበው በ1944፣ ማለትም ሌላ የዓለም ጦርነት ሊፈጸም ሲቃረብ ነው።

የስኮትላንድ ሴቶች ሆስፒታሎች ሒሳብ ሲዘጋ ገንዘብ ተርፎ ነበር። በእሱና በሕዝብ መዋጮ በኤዲንብራ በዶክተር ኢንግሊስ ስም የማዋለጃ ሆስፒታል ተሠርቶ በ1925 ተከፈተ። የስኮትላንድ አንድ ባንክ በ2009 ሥዕላቸውን በሃምሳ ፓውንድ ኖት ላይ ሲያትም ሆስፒታሉ ከተዘጋ ሃያ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። እስከ 1988 ድረስ ግን በዚያ ከተማ የተወለደ ሰው ሁሉ የት እንደ ተወለደ ሲጠየቅ ኤልሲ ኢንግሊስ ብሎ መመለሱ እንግዳ ነገር አልነበረም።